ዝገትን መሸፈንና ዝገትን መጠገን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ምሳሌ ከሕፃንነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬአለሁ። ይሁን እንጂ ምሳሌው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለብረትም ጭምር እንደሚሠራ የተረዳሁት ባለፈው ክረምት፣ በቤታችን አሮጌ መኪና ላይ ከደረሰው ነገር የተነሣ ነው። ስለዚህ በኬሚስትሪ ክፍል የተማርሁትንና በጋራዥ ውስጥ በእጄ የሠራሁትን አጣምሬ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባቢዎች እነሆ አቅርቤአለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

መኪናችን በተለምዶ ቮልስ የምንላት ቮልስዋገን ናት። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን ከአያቴ ወደ አባቴ የተላለፈች ስለ ሆነች የቤታችን ሽማግሌ ልትባል ትችላለች። ይህ ዓይነት መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ ወጥቶአል። ሞተሩ በነፋስ የሚቀዘቅዝና ሥራው ቀላል ስለ ሆነ በአዲስ አበባ የሚያድሰው ባለሙያ አይጠፋም። የአሮጌ ቮልስ ሞት አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሯ ሳይሆን ከአካሏ ነው፤ እርሱም ዝገት ነው።

በሰኔ ወር መጨረሻ፣ ዝናብ በኃይል በሚጥልበት ቀን፣ ታናሽ እኅቴ ከኋላው መቀመጫ በስተቀኝ ተቀምጣ ሳለች «ጫማዬ ውሃ ገባበት» ብላ ጮኸች። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። ቤት እንደ ደረስን ምንጣፉን ገልጬ ባይ ወለሉ በጥቁር ቀለም አምሮ ተቀብቶ አየሁ። ነገሩ ስላላማረኝ በካቻቢቴ ጫን ባደርገው ካቻቢቴው ያለ ምንም ችግር ገብቶ መሬት ነካ። ቀለሙን ብፍቀው ከሥሩ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር ደግሞ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ወጣ። ይህ ወለል ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ጋራዥ «ተጠገነ» ተብሎ ገንዘብ የተከፈለበት ነው።

የባሰው ነገር የታየው መቀመጫው ሲነሣ ነው። በቮልስ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላው መቀመጫ ሥር በስተቀኝ ነው። የእኛ ባትሪ የተቀመጠበት ወለል በዙሪያው ተበልቶ፣ ባትሪውን ይዞት የነበረው የሁለት ጣት ስፋት ያላት ብረት ብቻ ነበረች። እኅቴ በየቀኑ ትምህርት ቤት ስትሄድ የምትቀመጠው በዚያ ላይ ነበር።

በማግሥቱ አንድ የምናውቃቸው ደላላ መጥተው ነገሩን ካዩ በኋላ «ይህ ምን ያሳስባል? በሦስት ቀን በስቱኮ ይሞላል፤ ቀለም ይቀባል፤ መስከረም ሳይጠባ ይሸጣል» አሉ። እውነቱን ለመናገር ሐሳባቸው እኔን ደስ አሰኘኝ። ምክንያቱም መኪናይቱ ከተሸጠች ከገንዘቡ ለእኔ ኮምፒዩተር እንደሚገዙልኝ አባቴ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ስለዚህ «አባባ፣ እሳቸው እንዳሉት ይሁን» አልሁ። አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «የሚገዛው ሰውዬ ልጁን የት ላይ ሊያስቀምጥ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አላገኘሁም። መኪናይቱ የላሜራ ሠራተኛ ወደሆኑት አጎቴ ጋራዥ ተወሰደች፤ እኔም የክረምቱን ዕረፍት እዚያ በረዳትነት አሳለፍሁ።

ዝገት ምንድን ነው?

ብረት ከመሬት ሲወጣ ንጹሕ ብረት ሆኖ አይደለም። ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ በማዕድን መልክ ይገኛል። ሰው በእሳት ኃይል ኦክሲጅኑን አስለቅቆ ብረት ያደርገዋል። ዝገት እንግዲህ ብረት ወደ ቀድሞ ባሕርዩ የሚመለስበት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህም ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም ውሃና ኦክሲጅን ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከጠፋ ብረት አይዝግም።

የሥራው አኳኋን እንደ ባትሪ ነው። እርጥበት በነካው ብረት ላይ አንዱ ስፍራ ኤሌክትሮኖችን እየለቀቀ ይሟሟል፤ ሌላው ስፍራ ደግሞ እነዚያን ኤሌክትሮኖች ለኦክሲጅንና ለውሃ ይሰጣል። ውሃው በሁለቱ መካከል እንደ ሽቦ ሆኖ ያገለግላል። ጨው ወይም አሲድ ሲጨመርበት ውሃው ኤሌክትሪክን አብልጦ ስለሚያስተላልፍ ሥራው ይፈጥናል። በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ወይም በአፋር የጨው ምድር የሚመላለሱ መኪናዎች ከደጋ መኪናዎች ይልቅ ቶሎ የሚዝጉት ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሚሟሟው ስፍራ ብዙውን ጊዜ ኦክሲጅን በብዛት የሚያገኘው ሳይሆን ኦክሲጅን ያነሰው ስፍራ ነው። ስለዚህ በጭቃ፣ በእርጥብ ምንጣፍ ወይም በስቱኮ ሥር የተደበቀው ብረት በግልጥ ከሚታየው ይልቅ ይበላል። ዝገትን መሸፈን ዝገትን መመገብ ነው የምልበት ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህም በላይ ዝገት ከተነሣበት ብረት ይልቅ ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ስፍራ ይይዛል። ቀለም በትንሹ አብጦ እንደ ብጉር ሆኖ ሲታይ ከሥሩ ዝገቱ እየገፋው ነው ማለት ነው። ዝገቱም ፍርክስክስ ስለ ሆነ ውሃን እንደ ሰፍነግ ይይዛል እንጂ ከሥሩ ያለውን ብረት አይከላከልም።

ማንም ተማሪ ሊያደርገው የሚችል ሙከራ

ይህን በዓይን ለማየት አራት ንጹሕ ጠርሙሶችና አምስት ምስማሮች ይበቃሉ። ምስማሮቹ በዚንክ ያልተለበጡ መሆን አለባቸው።

በአንደኛው ጠርሙስ ምስማሩን እስከ ግማሹ የቧንቧ ውሃ አድርጉበት። በሁለተኛው ምስማሩን ከጨመራችሁ በኋላ በደንብ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ አፉ ሙሉበትና ከላይ ዘይት አፍስሱበት፤ ማፍላቱ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል፤ ዘይቱም አዲስ አየር እንዳይገባ ይከለክላል። በሦስተኛው ደረቅ ምስማር ከደረቅ ጥጥ ጋር ጨምራችሁ ክደኑት። በአራተኛው ጨው የተጨመረበት ውሃ አድርጉና ሁለት ምስማሮች አስገቡ፤ ከሁለቱ አንዱን ግን ከአዲስ የቤት ክዳን ቆርቆሮ በተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት።

እኔ ሙከራውን ለአንድ ሳምንት አቆየሁት። ውሃና አየር ያገኘው ዛገ። አየር ያጣውና ውሃ ያጣው ግን እንደ ነበሩ ቆዩ። በጨው ውሃ ውስጥ ካሉት ያልተጠቀለለው ከሁሉ ይልቅ ዛገ፤ የተጠቀለለው ግን ከጓደኛው እጅግ ያነሰ ነበር። ይህም የሆነው ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ስለ ሆነ ነው። ዚንክ ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮኖቹን ለመልቀቅ ፈጣን በመሆኑ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል።

በአሮጌ መኪና ላይ ዝገት የት ይፈለጋል?

ዝገት የሚወደው ውሃ ገብቶ የማይወጣበትን ስፍራ ነው። በማናቸውም መኪና ላይ ከበሩ በታች ያለው ጠርዝ፣ ከፓራፋንጎ ሥር ጭቃ የሚከማችበት ጥግ፣ ከምንጣፍ ሥር ያለው ወለል፣ የመስኮት ጎማ ዙሪያ መታየት አለባቸው። በቮልስ ላይ ግን በተለይ የሚያሠጉ ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የባትሪው ወለል ሲሆን እርሱን የሚበላው ከባትሪው የሚተፋው የሰልፈሪክ አሲድ ነው። ሁለተኛው በሁለቱ በሮች ሥር ከኋላ ወደ ፊት የተዘረጋው፣ ከሞተሩ ሙቅ አየር የሚያመጣው ክፍት የብረት ቦይ ነው። ይህ ቦይ አካሉን የሚሸከም አጥንት ስለ ሆነ ከዛገ መኪናይቱ ጥንካሬዋን ታጣለች። ሦስተኛው ክሪክ የሚገባበት ቦታ ነው፤ እርሱ ከተበላ መኪናይቱ ተነሥታ ሳለች ልትወድቅ ትችላለች።

የተደበቀ ዝገትን ለማግኘት አጎቴ ያስተማሩኝ ሁለት ቀላል ዘዴዎች አሉ። አንዱ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በአካሉ ላይ ማስኬድ ነው። ማግኔቱ በብረት ላይ ይያዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ግን ይላቀቃል። ሁለተኛው በጣት መገጣጠሚያ ማንኳኳት ነው። ጤናማ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ስቱኮ የሞላበት ግን እንደ እንጨት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

የጥገናው ሥራ በቅደም ተከተል

1ኛ/ ማዘጋጀት። በመጀመሪያ ባትሪው ይወጣል፤ ከሽቦዎቹም ቀድሞ የሚፈታው ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው ነው። ቀጥሎም መቀመጫዎቹና ምንጣፉ ይወጣሉ። በቮልስ የቤንዚኑ ጋን ከፊት ኮፈኑ ሥር ስለ ሆነ እርሱም ወጥቶ ከጋራዡ ርቆ ይቀመጣል። ወለሉ ሲቆረጥ አካሉ እንዳይጎብጥ ከመካከሉ በወፍራም እንጨት ይደገፋል።

2ኛ/ አሲዱን ማጥፋት። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠን የባትሪውን ቦታ አፈሰስንበት። አሲድ ባለበት ሁሉ አረፋ ይነሣል። አረፋው እስኪያቆም ድረስ ደጋግመን ካፈሰስን በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥበን ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠበቅነው። ይህ ካልተደረገ አሲዱ ከአዲሱ ብረት ጋር ሥራውን ይቀጥላል።

3ኛ/ መፋቅ። በሽቦ ብሩሽ ቀለሙም ስቱኮውም ዝገቱም ይፋቃል። በፊት መዳፌን ያህል የነበረው ቀዳዳ ተፍቆ ሲታይ የሰፌድ ያህል ሆነ። እኔ ሥራውን ያበላሸሁት መስሎኝ ደነገጥሁ። አጎቴ ግን «አይዞህ፤ አንተ አልቀደድኸውም፤ ድሮም የተቀደደ ነው» አሉኝ።

4ኛ/ መቁረጥ። የዛገው ብረት ጤናማው ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይጣላል። በዚህ ላይ እኔ ሰነፍሁ። ላሜራው ግራጫ ሆኖ ስላየሁት በቃ ብዬ አቆምሁ። አጎቴ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት ጠርዙ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። ከዚያ ሦስት ጣት ያህል ጨምረን ብንቆርጥ የሚያበራና ሲመታ የሚጮህ ብረት አገኘን። ብየዳ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ብረት ብቻ ነው፤ ቀጭን የተበላ ብረት በብየዳ እሳት ቀልጦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

5ኛ/ ልክ መውሰድ። የቀዳዳው ቅርጽ በካርቶን ይቆረጣል፤ ካርቶኑ ልክ ሲሆን በላሜራ ላይ ይሳላል። እኛ የተጠቀምነው 1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ላሜራ ነው። የቮልስ ወለል ጉብታና ሸለቆ ያለው መሆኑ ለጌጥ ሳይሆን ለጥንካሬ ስለ ሆነ፣ አዲሱም በመዶሻ እየተመታ ያንኑ ቅርጽ እንዲይዝ ተደረገ። ለዚህ ሥራ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብን።

6ኛ/ መበየድ። ቀጭን ላሜራ ባንድ ጊዜ ተከታትሎ ከተበየደ በሙቀቱ ይጨማደዳል። አጎቴ በቁርጥራጭ ላሜራ ላይ እንድሞክር ፈቅደውልኝ እንዳይሆን አድርጌ አጨማደድሁት። ትክክለኛው አሠራር ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ አንዱን በዚህ ጫፍ ሌላውን በዚያ ጫፍ እየበየዱ፣ በመካከሉም እያቀዘቀዙ መሄድ ነው። ነጥቦቹ በዙሪያው ከተገናኙ በኋላ ውሃ የሚያሳልፍ ቦታ እንዳይቀር ከታች መብራት አብርተን ከላይ ተመለከትን። ብርሃን ያሳለፈው ቦታ ሁሉ ተደገመ።

7ኛ/ መከላከያ መቀባት። ብየዳው ከተሞረደና በቲነር ከተጠረገ በኋላ ሳይውል ሳያድር አንቲረስት ይቀባል። ባዶ ብረት በክረምት አንድ ሌሊት ካደረ ዝገት ይጀምረዋል። መቀባት ያለበትም ከላይም ከታችም ነው። መጋጠሚያው በማሸጊያ ተደፍኖ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ከታች በኩል ከድንጋይና ከጭቃ የሚከላከል ካትራሜ ይቀባል። ካትራሜ ግን በዝገት ላይ ከተቀባ ያው የስቱኮውን ጥፋት ይደግማል።

8ኛ/ ስቱኮና ቀለም። ስቱኮ ራሱ ጥፋተኛ አይደለም፤ የሚገባው ቦታ አለው። በውጭው አካል ላይ፣ ብየዳው ካለቀና ብረቱ ደኅና ከሆነ በኋላ፣ የቀረውን ትንሽ ጎድጓዳ ለማስተካከል በስሱ ይደረጋል። ቀዳዳ ለመድፈን ግን አይሆንም። ስቱኮ እርጥበት ስለሚስብ ከሥሩ ያለው ብረት ይታመማል፤ ክብደትም አይሸከምም። እኛ በቀኙ ፓራፋንጎ ላይ በስሱ አድርገን፣ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው በውሃ እያረጠብን ፈግፍገን፣ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ቀለም ቀባነው።

ስለ ጥንቃቄ

ይህ ሥራ ያለ አዋቂ የሚሞከር አይደለም። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። የቤንዚን ጋን ባዶም ቢሆን በውስጡ የቀረው ትነት ከቤንዚኑ ይልቅ ያስፈራል። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ያመጣል፤ ስለዚህ ዚንኩ አስቀድሞ ተፍቆ፣ አየር በሚገባበት ቦታ መሠራት አለበት። የአሮጌ መኪና ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ከመፈግፈግ በውሃ ማድረግ ይሻላል። የብየዳ ብርሃን ዓይንን ያቃጥላልና ያለ መከላከያ መስተዋት ለአንድ አፍታ እንኳ አይታይም። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሳለ ከሥሩ መግባት ፈጽሞ አይገባም።

ዝገት እንዳይመለስ

ከጥገና ይልቅ ጥበቃ ይረክሳል። ከፓራፋንጎ ሥር ያለውን ጭቃ ማጠብ፣ የረጠበ ምንጣፍ አውጥቶ ማድረቅ፣ በበሩ ግርጌ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ በስንጥር መጥረግ፣ የተጫረ ቀለም ወዲያው መቀባት፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ቮልስ ያለው ሰው ደግሞ የባትሪው መክደኛ በቦታው መኖሩን ይመልከት። መክደኛው ከሌለ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ ከባትሪው ጫፎች ጋር ተነካክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የእኛም መክደኛ አልነበረውም፤ አሁን ገብቶለታል።

መደምደሚያ

ሥራው በጳጉሜን አለቀ። በመስከረም አንድ ገዢ መጣ። አባቴ ምንጣፉን ራሳቸው ገልጠው ብየዳውን አሳዩት፤ ስንቆርጥ ያነሣሁትንም ፎቶግራፍ አሳዩት። ቀጥለውም በግራው በር ሥር ያለው ቦይ ገና እንዳልተጠገነና መዛግ እንደ ጀመረ ነገሩት። ሰውዬው አመስግኖ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም። ኮምፒዩተሩም እስካሁን አልተገዛም፤ ይህንንም ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በእጄ ጽፌ ነው። እንደዚያ መሆኑ በጊዜው አላስከፋኝም ብል ውሸት ይሆናል።

ነገር ግን በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ጥሎ ሳለ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዞር ብዬ እኅቴን ተመለከትኋት። በቀኝ በኩል በለመደችው ቦታ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዶአታል። ዝቅ ብዬ በእጄ ወለሉን ብነካው ደረቅ ነው። ያን ጊዜ ያ ደላላ ያሉት ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ላይ የማላውቀው ልጅ ተቀምጦ እንደ ነበር አሰብሁ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ አሮጌ መኪና ቢኖር ዛሬውኑ ምንጣፉን ገልጠህ ተመልከት። ቀለሙ አብጦ ባገኘኸው ጊዜም ከሥሩ ያለውን ሳታይ በላዩ አትቀባበት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በከንቱ አይደለም። የግራውን ቦይ በሚመጣው ክረምት እኔና አጎቴ እንጀምረዋለን።